እናቴ በድራማው ያለቀሰችለት ሰው

ስልኩ የተደወለልኝ ደብረ ማርቆስ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው። ሳባ እባላለሁ ያለችኝ ልጅ የምትሠራው አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ነው። በአገራችን ፊልሞችና ድራማዎች የታዩ የማይረሱ ትወናዎችን እየመረጡ ኖሯል። ተመልካች ድምፅ ሲሰጥ ከስመ ጥሮቹ ተዋንያን መሐል ማንም ስሟን የማያውቃት አንዲት ሴት ብቅ አለች፤ ሬሳ ሳጥን ላይ ሙሾ የምታወርድ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች ሴት። ሲያፈላልጉ ቢቸና ደረሱ፣ ከቢቸና እኔ ጋ።

“እናትሽ ናቸው አሉን። እውነት ነው?”

እውነት ነው አልኳት። ደስታዋ ከልክ ያለፈ ነበር። ትወናውን በጣም እንደሚወዱት፣ ክሊፑ በየስልኩ እንደሚዞር፣ እናቴን ስቱዲዮ ጋብዘው ሊያከብሯት እንደሚፈልጉ ነገረችኝ። ስልክ ላይ ረጅም ወሬ አልወድም፤ ጠይቄያት እደውልልሻለሁ ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ግን ሥራ አልሠራሁም። ያንን ትወና እንደ እኔ አጣሞ ያየ ተመልካች ያለ አይመስለኝም።

እናቴ አየሁሽ ትባላለች፤ ቢቸናና ዙሪያዋ የሚያውቃት አስለቃሽ ነበረች። ለቅሶ ቤት ስትደርስ መጀመሪያ ጓዳ ትገባና ለሟች የቀረበ ሰው አስጠርታ ትጠይቃለች። ስሙ ማን ነው፣ የማን ልጅ ነው፣ እርሻ ላይ እንዴት ነበር፣ ምን ምግብ ይወድ ነበር፣ ከማን ጋር እንደተኳረፈ ሞተ። ይህን ሳትይዝ አትወጣም። ስትወጣ ግቢው ሁሉ እንደ ሕፃን ያለቅሳል፤ የእሷ ዓይን ግን ደረቅ ነው። ለምን እንደማታለቅስ አንድ ቀን ጠይቄያት “እኔ ካለቀስኩማ ግጥሙ ይጠፋኛል” አለችኝ። ለእኔ ይህ ትልቅ ሙያ ነበር። የጓደኞቼ እናቶች ለቅሶ ላይ ያለቅሳሉ፤ የእኔ እናት ታስለቅሳለች።

አባቴ ገብረ ሕይወት ቄስ ነው። አገሩ ሁሉ፣ እኔና እናቴም ጭምር፣ አንቱ እንለዋለን። እሱ ፍትሐቱን ይፈታል፣ እሷ ሙሾውን ታወርዳለች። ሰው “አንድ ቤት ሁለት መሸኛ” እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ድራማ ሠሪዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ድራማው በመሬት ጠብ ስለተገደለ የአንድ ቤት ብቸኛ ልጅ ነው። ለቅሶውን እኛ ሰፈር ካለው ሜዳ ላይ ሊቀርጹ ከተማውን ሁሉ ለቀስተኛ አደረጉት። የሚያለቅስላቸው ተዋናይት ይዘው መጥተዋል። ልጅቷ ሳጥኑ ላይ ወድቃ መጮህ ስትጀምር የቢቸና ሴቶች በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፈኑ። ለሐዘን አልነበረም። ጎረቤታችን እትዬ ፀሐይነሽ “ይህቺ ልጅ ጣቷ ላይ በር የተዘጋባት ነው የምትመስለው” ስትል አጠገቧ ያሉት ሁሉ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አዘጋጁ፣ እዮብ የሚባል ጠጉሩን ያስረዘመ ወጣት፣ መጀመሪያ የሚያለቅሱ መስሎት ተደስቶ ነበር። በኋላ ሲገባው ለመሆኑ እናንተ አገር እንዴት ነው የሚለቀሰው ብሎ ጠየቀ። እናቴን አሳዩት።

እናቴ ሳጥኑ አጠገብ ቆማ እንደ ልማዷ ጠየቀች። “ማን ነው የሞተው?”

እዮብ በጣቱ አሳያት። ሟቹ ባሕር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሻይ በዳቦ ይበላ ነበር። ሰው ሳቀ። እናቴ አልሳቀችም።

ቆሞ በሚሄድ ሰው ስም ሙሾ አላወርድም፣ ነገ እግሩን ቢያመው እንኳ ሟርቱ የእኔ ነው አለችው። እዮብ ሊያግባባት ሞከረ፤ ድራማ እኮ ነው፣ የእውነት የሞተ ሰው የለም አላት። እምቢ አለች። ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ካሜራ የያዘው ሰውዬ በየደቂቃው ሰማይ ሰማዩን ያያል። በመጨረሻ እዮብ እጁን ዘርግቶ፣ “እሺ እናቴ፣ የፈለጉትን ስም ይጥሩ” አላት።

“የፈለግሁትን?”

“የፈለጉትን። ጽሑፉ ላይም ስም የለውም።”

ሳጥኑ ሲሸከሙት ቀልሎ እንዳይታይ ግንድ ሞልተውበታል። እናቴ እጇን ክዳኑ ላይ አሳረፈች። እኔ ከልጆቹ ፊት ቆሜ “የእኔ እናት ናት፣ ዝም በሉ፣ የእኔ እናት ናት” እያልኩ ነበር።

ከዚያ ጀመረች።

“ስጦታው እንግዳው፣ በሌት የመጣኸው፣
እግርህ ሳይታጠብ፣ ምነው የወጣኸው?”

ድምፁን አላወቅሁትም። እናቴ ስታወርድ ድምፅዋ ከፍ ብሎ የሚሄድ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ተብሎ የሚወጣ ነበር። ይህ ወደ ታች የሚሄድ ነው፤ ለሳጥኑ ብቻ የምትነግረው ነገር ያለ ይመስላል።

“ሁሉም ይለቀሳል፣ በስሙ ተጠርቶ፣
ያንተ ብቻ ቀረ፣ ከሆዴ ተኝቶ።”

አለቀሰች። እናቴ አለቀሰች፤ ዕንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ወደ ደረቷ ሲወርድ አየሁት። ግጥሙም ጠፋት። “ስጦታው፣ ስጦታው” ብቻ እያለች ደረቷን ትደቃለች። ቅድም የሳቁት ሴቶች በሙሉ አለቀሱ፤ በተለይ አሮጊቶቹ። ድምፅ የሚቀዳው ልጅ ጆሮው ላይ ያለውን ነገር አውልቆ መሬት መሬት ያያል። እትዬ ፀሐይነሽ ማንም ሳያዛት መሐል ገብታ እናቴን በብብቷ ይዛ፣ “በቃሽ አየሁሽ፣ በቃሽ። ሰው እየሰማ ነው” አለቻት።

እዮብ አጨበጨበ። ሠራተኞቹም አጨበጨቡ። እኔም አጨበጨብኩ።

ስዞር አባቴን አየሁት። የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ መስቀሉን በእጁ ይዞ ቆሟል። ካየሁት በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ፊቱን አዙሮ ወደ ውስጥ ገባ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ነገር ማገጣጠም የምችልበት ዕድሜ። አንደኛ፣ እናቴ ለማታውቀው ሰው አታለቅስም፤ ለምታውቀውም አታለቅስም። ሁለተኛ፣ ስጦታው የሚባል ዘመድ የለንም፤ በሁለቱም በኩል የሁሉንም ስም አውቃለሁ። ሦስተኛ፣ ሰውዬው በሌሊት የመጣ እንግዳ ነው። ያን ቀን ገና አልደረስኩበትም፤ ጭብጨባው አስክሮኝ ነበር። የደረስኩበት ድራማው በቴሌቪዥን ሲታይ ነው።

የታየው በዓቢይ ጾም አንድ እሑድ፣ እትዬ ፀሐይነሽ ቤት ነው። ሰው እስከ ደጃፉ ሞልቷል። አባቴን ጥሩው ወንበር ላይ አስቀመጡት፤ እናቴ ከሴቶቹ ጋር ወደ ጓዳው በር ተጠግታለች። እኔ መሬት ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ፊት። የለቅሶው ትዕይንት ሲመጣ ሰው ሁሉ “መጣች፣ መጣች” አለ። ከዚያ ያ ድምፅ ወጣና ቤቱ ጸጥ አለ። ፊቷን ከቅርብ አንስተውታል፤ ቴሌቪዥኑን ሞልቶታል።

የእትዬ ፀሐይነሽ ምራት ከሌላ አገር የመጣች ልጅ ናት። “ስጦታው ማን ነው?” ብላ ጠየቀች።

ትልልቆቹ ሁሉ የተስማሙ ይመስል ወደ መሬት አዩ። እትዬ ፀሐይነሽ ቆይታ “ድራማ ነው። ዝም ብለሽ እዪ” አለቻት። አባቴ ተነሳ። በትሩን ፈልጎ አነሳ፤ ሰው መንገድ ሲለቅለት አንገቱን አቀርቅሮ በመካከላቸው አለፈ። እናቴን ቀና ብሎ አላያትም። እሷም አላየችውም።

ያኔ ገባኝ። ሁሉም ያውቃሉ። እናቴ ሰው ነበራት። በሌሊት ይመጣ የነበረ፣ እራት እንኳ ሳይበላ የሚሄድ፣ የሞተ ሰው። ለአባቴ እንዲህ አልቅሳለት አታውቅም። ለማንም አልቅሳ አታውቅም። አሁን ደግሞ አገር በሞላ በቴሌቪዥን እያያት ነው።

በማግሥቱ አባቴ ሱባዔ ገባ። ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አልወጣም፤ ቆሎና ውኃ የምወስድለት እኔ ነበርኩ። ሲቀበለኝ እጄን ይዞ ይቆይና ይለቀኛል። ቀስ በቀስ ከሳ። ለእናቴ የሚጸልይ መሰለኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር እንዲላት። ወደ ቤት ስመለስ እሷ ጤፍ እየለቀመች ቀና ብላ “በሉ?” ትለኛለች። አልመልስላትም። የሚጾመው ለእሷ ስለሆነ ልትጠይቀኝ አይገባትም ብዬ አስብ ነበር።

ትምህርት ቤት ልጆቹ እንደሷ ደረታቸውን እየደቁ “ስጦታው! ስጦታው!” ይሉኛል። ክፋት አልነበረውም፤ ድራማው ስላማራቸው ነው። እኔ ግን አንዱን በድንጋይ ፈነከትኩት። እናቴ ይህን ስትሰማ ጥቂት ልብስ ጠቅልላ ሞጣ እህቷ ዘንድ ይዛኝ ሄደች።

አውቶቡስ ውስጥ አወቋት። ደብረ ወርቅ ላይ የተሳፈረች አንዲት ወፍራም ሴት ፊት ፊቷን ስታያት ቆየችና፣ ያቺ ድራማ ላይ ያለቀሰችው አይደለሽም ወይ አለቻት። ሰው ሁሉ ዞረ። ሴትየዋ እናቴ ዝም ስትላት ወደ እኔ ጎንበስ ብላ “አንቺ፣ እናትሽ ናት?” አለችኝ።

“አክስቴ ናት” አልኳት።

እናቴ ሰምታለች። ጉልበቷ ላይ ያለውን ጥቅል አስተካከለች። ከዚያ ዳቦ ቆርሳ “እንኪ” አለችኝ፤ ሴትየዋ እየሰማች “እንኪ፣ እናትሽ ለመንገድ ያሰረችልሽ ነው” አለችኝ። እስከ ሞጣ ድረስ አክስቴ ሆነች። አንድም ጊዜ አልተሳሳተችም። ሰዎች ስለ ትወናዋ ሲያወሩ ትዝ የምትለኝ ያቺ ዳቦ የያዘች እጅ ናት፤ ሳጥኑ ላይ ያረፈችው አይደለችም።

የእውነተኛ አክስቴ ስም ይርጋነሽ ነው። ሞጣ ገበያው አጠገብ ጥጥና ድር ትሸጥ ነበር። ሂጂ ተጫወቺ ሲሉኝ፣ የጥጥ ጆንያዎቹ መሐል ተጋድሜ የሚያወሩትን እሰማ ነበር። አክስቴ አንድ ቀን እንዲህ ስትል ሰማኋት። “ሦስት ሳምንት ላልሞላ እንግዳ ትዳርሽን ልታፈርሺ ነው?”

“ስሙን የጠራሁት አንድ ቀን ነው” አለች እናቴ።

“አገር በሰማው ቀን! እሳቸውስ ሰው አይደሉም?”

“እኔስ?”

ሦስት ሳምንት። ሒሳቤ ላይ ጨመርኩት። ሦስት ሳምንት ብቻ የቆየ ሰው ከአባቴ በልጦባታል።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ አባቴ ራሱ ሞጣ መጣ። ጃንጥላውን ይዞ ደጃፉ ላይ ቆመ፤ አክስቴ ይግቡ፣ አረፍ ይበሉ ብትለው አልገባም። መስቀሉን ተሳለምኩ። ልብሱ ሰፍቶታል። እናቴ ጥቅሏን ይዛ ወጣች፤ “እንሂድ” አለ፣ ሄድን። በአውቶቡሱ በመካከላቸው አስቀመጡኝ። ወደ አባቴ ጎን ተደግፌ ተኛሁ። ይቅር ያላት ሰው ነዋ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእኔ አባቴ ቅዱስ ነው፣ እናቴ ደግሞ ምሕረት የተደረገላት ሴት።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሙሾ አላወረደችም። ሲጠሯት ጉሮሮዬን ያመኛል ትላለች። አባቴ የከለከላት መስሎኝ ፍርዱ ትክክል ነው እል ነበር። አባቴ ግን አልከለከላትም። ይህንን የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ ሌላውን ሁሉ በነገረችኝ ቀን።

ያን ጊዜ ባሕር ዳር፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ ተማሪ ነበርኩ። ክሊፑ እንደገና በስልክ መዞር ጀምሮ ነበር፤ ዶርም ውስጥ ልጆች እያዩ “ይህቺ ሴትዮ የት ነው የተማረችው?” ይላሉ። እናቴ ናት አላልኳቸውም። ለእረፍት ወደ ቤት ስሄድ ሞጣ አክስቴ ጋ አደርኩ። ጠዋት ሱቋ በር ላይ ተቀምጠን ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። የተማርኩ ነበርኩ። ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ሴት ልጅ በቤተሰብ ምርጫ ለቄስ ስትዳር ልቧ ሌላ ቦታ ሊቀር እንደሚችል አውቃለሁ። ይቅር ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። በጣም በሰለጠነ ድምፅ እንዲህ አልኳት።

“አክስቴ፣ እማዬ ይህን ስጦታው የሚባለውን ሰውዬ ትወደው ነበር፣ አይደል? እኔ እኮ አልፈርድባትም።”

አክስቴ መጀመሪያ ሳቀች። የምቀልድ መስሏት ነው። ፊቴን ስታየው ሳቋን ተወች።

“ስጦታው ወንድምሽ ነው” አለችኝ።

ከእኔ በፊት የተወለደ ነው። አባቴ ገና አዲስ ቄስ ነበር፤ ለመጀመሪያ ልጁ ክርስትና ድግስ አስቦ፣ የክርስትና አባት ከሩቅ ጠርቶ፣ አርባው ቀን እስኪሞላ ይጠብቃል። በሦስተኛው ሳምንት ሕፃኑ ትኩሳት ያዘው። እናቴ አራስ ናት፤ ከአልጋው ሆና ያጥምቁልኝ ብላ ለመነችው። በሞት አፋፍ ላይ ላለ ሕፃን ቀን አይጠበቅም፤ ቄስ ደግሞ ከቤት አለ። አባቴ ይድናል፣ ሥርዓቱን ጠብቀን በወጉ እናደርገዋለን አላት። ሊነጋጋ ሲል ሞተ። ላልተጠመቀ ፍትሐት የለም። ለቅሶም አይቀመጡለትም። ጎረቤት መጥቶ “እግዜር ይተካሽ” ብሏት ወጣ። አገሩን ሁሉ ስታስለቅስ የኖረችው ሴት ለልጇ ስሙን ጮክ ብላ አልጠራችውም። በዓመቱ እኔ ተወለድኩ። የተተካሁት እኔ ነኝ።

“ሱባዔውስ?” አልኳት።

“ለራሳቸው ነዋ። ለማን መስሎሽ ነው?”

ያን ቀን ወደ ቢቸና በሚሄደው አውቶቡስ አልሄድኩም። እናቴ ፊት እንዴት እንደምቆም አላወቅሁም ነበር። በማግሥቱ ስሄድም ምንም አልነገርኳት። አውቄያለሁ ማለት ከዚያ በፊት ምን አስብ እንደነበር መናገር ነው። እስከ ዛሬም አልተናገርኩም። ቤታችን ውስጥ የስጦታው ስም የተጠራው ከቴሌቪዥኑ ብቻ ነበር።

እንግዲህ ሳባ ስትደውልልኝ ሐሙስ ነበር፤ ቅዳሜ ቢቸና ሄድኩ። እናቴ በር ላይ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። አባቴ አሁን ዓይኑ ደክሟል፤ መደቡ ላይ ዳዊቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ ከማንበብ ይልቅ በቃሉ ይለዋል። እሱ እየሰማ ነገርኳት፤ ሌላ ክፍል የለንም። የማይረሳ ትወና ተብሎ ተመርጧል፣ ስቱዲዮ ሊጋብዙሽ ነው፣ ካልፈለግሽ እምቢ እላቸዋለሁ አልኳት።

“ለምን እምቢ ትያለሽ?” አለች ሽንኩርቱን ሳትለቅ። “መሄዱን አልሄድም። ግን ትወና ነው በያቸው። ሌላ ምን ይባላል?”

ነገሩን ቶሎ መጨረስ ፈለግሁ። ደወልኩና ድምፁን ከፍ አደረግሁት። ሳባ የእናቴን ድምፅ ስትሰማ ልትበር ደረሰች። እማማ እያለች አሞገሰቻት፤ ከዚያ ለፕሮግራሙ የሚሆን ጥያቄ ጀመረች።

“እማማ፣ ያንን ዕንባ እንዴት አመጡት? ተዋንያን የሆነ ነገር አስበው ነው የሚያለቅሱት። እርስዎ ማንን አስበው ነው?”

“ማንንም” አለች እናቴ። “አልቅሺ አሉኝ፣ አለቀስኩ።”

“ማንንም ሳያስቡ?”

“ማንንም።”

አባቴ ዳዊቱን አጠፈ። “ስልኩን አምጪው” አለኝ። አቀበልኩት። እንደ መስቀል ከፊቱ አድርጎ ያዘው።

“ቄስ ገብረ ሕይወት እባላለሁ። የልጁ አባት ነኝ።”

“የየትኛው ልጅ፣ አባ?”

“የስጦታው።”

“ይቅርታ አባ፣ ስጦታው ገጸ ባሕሪው አይደለም እንዴ?”

“ልጅ ነው” አለ አባቴ። “ያጥምቁልኝ ብላ ለምናኛለች። በእኔ ነው ሳይጠመቅ የቀረው። ትወና አይደለም፣ ልጄ።”

እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። ተነሥታ መጣችና ከፊቱ ቆመች። ዕንባ አልነበራትም።

“ለእኔ አንድ ቀን ሳይሉኝ” አለችው፣ “ለስልክ ይሉታል?”

አባቴ አንገቱን ደፋ። ሳባ ሄሎ፣ ሄሎ፣ ይሰማል ትላለች። እናቴ ስልኩን ከእጁ ወስዳ ሰጠችኝ። ዘጋሁት። መደቡ ላይ፣ ከጎኑ፣ ቦታ አለ፤ እዚያ ተቀመጠችና ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ሰበሰበች።

“አሁን ይበሉት” አለችው።

አባቴ አፉን ከፈተ። እናቴ ግን እጇን አንሥታ አስቆመችውና ወደ እኔ ዞረች። እኔ መሐል ቤቱ ላይ ስልኩን ይዤ ቆሜ እያየኋቸው ነበር።

“ጸደንያ፣ አንቺ ውጪ። በሩንም ዝጊው።”

ወጣሁ። በሩን ዘጋሁት። እንዳልሰማ እስከ አጥሩ ድረስ ሄድኩ።